የዳቦው ጠርዝ

ቄስ ሞገስ ባርከው የቆረሱትን ዳቦ በሰፌድ ይዤ ከሰው ወደ ሰው እዞራለሁ። የአቦ ዝክር ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ በራሴ ስም ስዘክር ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ነፍሴ ትማርበታለች ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ። ስንዴውን ከጉና ሥር ካለው ማሳችን ያጨድሁት እኔ ነኝ። ጌሾውንም ከደብረ ታቦር ገበያ የተሸከምሁት እኔው ነኝ። እያደልሁ ይህን በልቤ አነሣለሁ።

በሩ ላይ ጌጡ ቆሟል። አምና በጌን ሰርቆ፣ አርዶ የበላ ሰው ነው። ታስሮ ከወጣ ወዲህ ደጃችንን ሲረግጥ ዛሬ ገና ነው።

«በጉን ከነኩላሊቱ ጨረሰ፤ አሁን ደግሞ ማወራረጃ ጠላ ፈልጎ መጣ» ትላለች ጎረቤታችን ብዙነሽ። ሰው ይስቃል። ጌጡም ፈገግ ይላል፤ ግን ወደ ውስጥ አይገባም።

ዝክር የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ከዳቦው ጠርዝ ያረረውን ፈልጌ እቆርጣለሁ። በዕድሜ ታላቄ ነው፤ «አያ ጌጡ» ሳልለው መዳፉ ላይ አኖርለታለሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ» ይላል በሁለት እጁ ተቀብሎ።

ዳቦውን አድዬ ስጨርስ ቄስ ሞገስ አጠገብ ሄጄ ቁጢጥ እላለሁ።

«አባ፣ የዘከረ ሰው ይማራል አይደል?»

«ይማራል። ፍርፋሪውን የለቀመም ይማራል።»

«ሌባም ቢሆን? ምንም ሳይደክም?»

ጠላቸውን ጎንጨት ይላሉ። «ስንዴህ ላይ የዘነበውን ዝናብ አንተ ነህ ደክመህ ያመጣኸው?»

 ወደ ባዶ እጄ ያያሉ። «ለመሆኑ አንተ ቀምሰሃል?»

አልቀመስሁም። ባለዝክር የሚቀምሰው ከሁሉ በኋላ ነው። ተነሥቼ ሰፌዱን አያለሁ፤ ፍርፋሪውን እንኳ ልጆች ለቅመውታል።

«ይኸው፣ ባለዝክሩ ከበረከቱ ሳይደርሰው ቀረ» ትላለች ብዙነሽ። አሁን የሚስቅ የለም። ሁሉም እጁን ያያል፤ ሁሉም በልቶ ጨርሷል። ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል።

«ተስፋነህ» ይላል አንድ ድምፅ ከበሩ።

ጌጡ ነው። የሰጠሁትን አልበላውም። ለሁለት ከፍሎ ትልቁን ወደ እኔ ዘርግቷል።

«ተቀበለኝ እንጂ» ይላል ቀስ ብሎ። «የሰረቅሁት አይደለም፤ አንተው የሰጠኸኝ ነው።»

ሰው ዳግመኛ ይስቃል። እኔ መሬት መሬት እያየሁ እሄዳለሁ። በሁለት እጄ እቀበለዋለሁ።

«አያ ጌጡ» እላለሁ። 

ቁራሹን ወደ አፌ ሳቀርበው ነጭ ነው፤ ያረረው ተፍቆ ተነሥቷል። ቀና ብዬ እጁን አያለሁ። የአውራ ጣቱ ጥፍር በጥላሸት ጠቁሯል።