ሱንዱስ እንዳለችው

አባዱላዋ መንጠር የጀመረችው ረመዳን እንደወጣ ነው። የሐይቅ ተሳፋሪ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ወገቡን ይዞ አጉረመረመ፤ ኋላ ላይ እሷን አልፎ ከኋላዋ የተሰለፈው መኪና ውስጥ ይቀመጥ ጀመር።

ዋሲላ ያቺን መኪና የገዛችው ጅዳ ውስጥ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ጠርጋ ባጠራቀመችው ነው። መናኸሪያው ላይ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ባለመኪናዋ» ይሏታል፤ እሷም ደስ ይላታል። ሙአዊያ መጀመሪያ ሾፌሯ ነበር። ባለፈው መውሊድ ሰሞን፣ አጎቷና ሁለት ምስክሮች ባሉበት ኒካህ ታሰረና ባሏ ሆነ። ድግሱን «መኪናዋ ትንሽ ትሥራና እንደርስበታለን» ብሎ አቆየው።

ከሳምንቱ ግማሹን ሐይቅ ያድራል። ግማሹን ደግሞ ውጫሌ፤ አምባሰል ውስጥ። የንጋት ተራ የሚነሳው ከዚያ ነው።

መካኒኩ ጋሽ ኑርዬ መኪናዋን ከኋላ ጫን አድርገው ለቀቁ። እንደ ጀልባ ተወዛወዘች።

«ባሌስትራው ደህና ነው» አሉ። «ንጥረቷን የሚያበርዱት የኋላ ሾኮቿ ግን ዘይታቸውን አፍስሰው ጨርሰዋል። ይቀየሩ።»

ሙአዊያ እራት ላይ ነገሩን አወጣ አወረደ።

«ኦርጅናሉን አቅማችን አይችለውም። ከተጋጨ መኪና የተፈታም አለ፤ ሱንዱስ ግን ‹የማታውቀው ሰው ጫማ ነው፤ ስንት አገር እንደዞረ አይነግርህም› ትላለች።»

«ሱንዱስ ማናት?»

«ውጫሌ መለዋወጫ የምትሸጥ።»

በማግስቱም ሱንዱስ ማዕዱ ላይ ቀረበች። ርካሹ አዲስ ሾክ የሚያምረው ቀለሙ ብቻ ነው፤ የአንድ ክረምት ጉድጓድ አይችልም፤ ሱንዱስ እንዳለችው። የመኪናዋ ፋብሪካ ባይሠራውም ዋስትና ያለው መካከለኛ አለ፤ እሱ ይሻላል፤ ሱንዱስ እንዳለችው። ደግሞ አንዱን ብቻ መቀየር የለም፤ ጥንዱን ነው፤ ሱንዱስ እንዳለችው። ዋሲላ እጇን ከማዕዱ አነሳች።

የሴት ስም እንዲህ ሲያጣጥም ሰምታው አታውቅም።

«እኔው ሄጄ ልግዛው» አለች።

«ምን ያንከራትትሻል? እኔ አመጣው የለ!» ነገሯን ሳትጨርስ ነበር የመለሰላት።

ያን ሳምንት ቅናት እንደ በርበሬ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ከውጫሌ ሲመለስ ሸሚዙን አገላብጣ አየች፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ የላላ ቁልፉ ተተክሏል። ውጫሌ ማን ነው ቁልፍ የሚተክልለት? እዚያ ባደረ ቁጥር ስልኩ ዝግ ነው። «ኔትወርክ የለም» ይላል። አገሩ ሁሉ ሲደዋወል ያድራል፤ ኔትወርክ የሚጠፋው ለእሷ ብቻ ነው።

ጋሽ ኑርዬ ጋራዥ ሄደች።

«ጋሽ ኑርዬ፣ ያቺ የውጫሌዋ ሱንዱስ ምን ዓይነት ሴት ናት?»

«ጨዋ ናት። ከእሷ የገዛ አይከስርም።» ሌላም የሚሉት ያላቸው መሰሉ። ግን መፍቻቸውን አንስተው መኪና ሥር ገቡ።

ሰዉ ሁሉ አውቋል፤ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ አለች በሆዷ።

ማክሰኞ ሙአዊያ ወደ ደሴ እስኪጭን ጠብቃ፣ እሷ በሌላ መኪና ወደ ውጫሌ ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ ስድብ ስትመርጥ ሄደች። ገበያተኛው ፊት ታዋርዳታለች። በሐሳቧ የሳለቻት ሱንዱስ ሂናዋ የደመቀ፣ ሽቶዋ ከሩቅ የሚጣራ፣ ስትስቅ መንገደኛ የምታስቆም ኮረዳ ነበረች።

ሱቁ ውስጥ ያገኘቻት ግን አርባ የተጠጋት ቀጭን ሴት ናት። ሻሿን ወደኋላ አስራለች፤ ጥፍሮቿ ሥር ግራሶ ገብቷል።

«ግቢ እህቴ። ምን ልታዘዝ?»

«የአባዱላ የኋላ ሾክ» አለች ዋሲላ። ሌላ ነገር ልትል ነበር፤ ይሄ ወጣ።

ሱንዱስ ሁለት ካርቶን አወረደችና አንዱን ከፍታ ሾኩን ባንኮኒው ላይ አቆመችው።

«እስቲ ተጫኚው። ሲወርድ ሳይታገልሽ ከወረደ አትግዢው።»

ዋሲላ ተጫነችው። ታገላት፤ ቀስ እያለ ወረደ።

«ጎማውንም እዪ። የተሰነጣጠቀ ከሆነ መጋዘን የከረመ ነው። ዋስትናውን ደግሞ በወረቀት ተቀበዪ፤ ከእኔም ቢሆን። ቃል ይረሳል።»

ዋሲላ ከሐይቅ ተሸክማ የመጣችው ቁጣ መላላት ጀመረ። ይሄ ደግሞ ባሰ አናደዳት። ቆንጆና ባለጌ ብትሆን ይቀላት ነበር፤ ለጥሩ ሴት ምን ዓይነት ስድብ ይገኛል?

«ሙአዊያ የሚባል ሾፌር ታውቂያለሽ?» አለች ድንገት።

ሱንዱስ እጇን የምትጠርግበትን ጨርቅ አስቀመጠች። ፊቷ ቀላ። ዋሲላ መቅላቱን አየች፤ ያዝኳት አለች በልቧ።

«ከሐይቅ ነው የመጣሽው?» አለች ሱንዱስ ቀስ ብላ። «ባለመኪናዋ ዋሲላ አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

ሱንዱስ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣች። ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ሁለት እጆቿን ያዘቻት።

«አውፍ በይኝ እህቴ» አለች። «ወላሂ አላህ የሚያውቀውን ከአንቺ አልደብቅም፤ በድዬሻለሁ።»

ዋሲላ የመረጠችው ስድብ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ደረሰ፤ ሱንዱስ ግን ቀደመቻት።

«ዘጠኝ ዓመት በትዳር ስንኖር የሌላ ሴት ስም እንዲህ ሲደጋግም ሰምቼው ስለማላውቅ፣ ባሌን በአንቺ ጠርጥሬው ነበር።»