ለቲክቶክ የተላኩት ሽማግሌዎች

"ኦቦ አሊዪ፣ ልጅዎን ቢፍቱን ለልጃችን ለማሜ እንዲሰጡን ብለን ነው የመጣነው..."

ሐጂ አብዱልመሊክ ይህን ሲሉ እኔ በስልኬ እየቀረጽኩ ነበር።

ጎባ፣ ኦቦ አሊዪ ሳሎን ውስጥ ነን። ነገሩ የቲክቶክ ድራማ ነው። ደራሲዋ ራሷ ቢፍቱ ናት፤ ለአባቷ ድርሻቸውን እነግራቸዋለሁ ያለችውም እሷ ናት።

ሽማግሌዎቹ ግን የምር ሽማግሌዎች ናቸው... ሮቤ ውስጥ ሰፈሩን ሲያስታርቁ የኖሩ። ለድራማው ብለን ለምነን አመጣናቸው።

በድርሰቱ መሠረት አባትየው "ለድሃ አልሰጥም" ብለው ይመልሷቸዋል። ውጭ የሚጠብቀው ማሜ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል።

ማሜ ለዚህ ልምምድ አላስፈለገውም። ቢፍቱን ከልቡ ይወዳታል፤ ለሷ ግን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ምስጢሩን የማውቀው እኔ ጓደኛው ብቻ ነኝ።

ኦቦ አሊዪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ...

"ክብር ነው። ዘመድ ላማክርና ቅዳሜ ተመለሱ።"

ምን?

ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉ። እኔም ስልኬን እንደያዝኩ አሚን አልኩ።

ውጭ ስንነግረው ማሜ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ሐጂ፣ ቀረጻው እኮ አልቋል" አላቸው።

"ቀጠሮ ተሰጥቶናል፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። ዱአ ያደረግኩበትን ነገር ጨዋታ ነበር ልበል?"

እኔም ግራ ገባኝ። የቱ ድራማ፣ የቱ ኑሮ እንደሆነ ጠፋኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ቀረጻ የለም። ሽማግሌዎቹ ገና ከመቀመጣቸው ማሜ መታገስ አቅቶት ዘው ብሎ ገባ።

"ኦቦ አሊዪ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ድራማ ነበር... መውደዴ ግን ድራማ አይደለም።"

ኦቦ አሊዪ ዓይናቸው ፈጠጠ።

"የምን ድራማ?"

ሁላችንም ጓዳው በር ላይ ወደቆመችው ቢፍቱ ዞርን።

"ለአባባ ድራማ ነው አላልኩትም" አለች ቀስ ብላ። "ሽማግሌ ሊመጣ ነው፣ ልጁን እኔም እወደዋለሁ፣ የሚቀርጹት ለማስታወሻ ነው አልኩት። ማሜ አፉን እስኪከፍት ብጠብቅ አረጅ ነበር።"

ለካስ ስንተውን የነበርነው እኛ ብቻ ነን...

ኦቦ አሊዪ ልጃቸውን አዩ፣ ማሜን አዩ። ከዚያ ወደ ሐጂ ዞሩ።

"ሰጥቻለሁ። ኒካው ላይ ግን ስልክ ይዞ የሚገባ ሰው እንዳላይ።"

ወዳጆቼ... በጨዋታ የተናገርነው ነገር ሌላው ሰው ጋ ሲደርስ ጨዋታ ላይሆን ይችላል። የምንወደውን ሰው እወድሃለሁ ለማለት ደግሞ ድራማ መሥራት አያስፈልገንም።

ግን እስቲ ንገሩኝ፤ እኔ እስካሁን አልለየልኝም... እናንተ በኦቦ አሊዪ ቦታ ብትሆኑ ቢፍቱን ትቆጧት ነበር ወይስ ትመርቋት?