አንድ ቀይና ቢጫ

የሮብ ገበያዋ ስፌት ሰፊ እትዬ ሀጀራ ለመምህሩ ያመጡለትን ሞሰብ በተከራየው ቤት አስቀምጠው፣ ከጃንሆይ ሥዕል ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋውን ጨዋታ አዩ። የቀድሞው ተከራይ ጥሎት የሄደው ነው፤ ጠፍጣፋ እንጨቶቹን ቀለም ከቀለም እያገጣጠሙ ሰሌዳውን መሙላት። መምህሩ ክረምቱን ሙሉ ሞክሮ አቅቶታል።

አለላ ሲያቀልም የኖረ እጃቸው ሳይገጥሙ የቀሩትን ሦስት እንጨቶች አዟዟረ። ቀለሙ ሁሉ ገጠመ፤ አንዲት ቦታ ብቻ ባዶ ቀረች።

«አንድ ጎድሎብሃል» አሉ። «በአንድ ጎኗ ቀይ፣ በሌላው ቢጫ የሆነች።»

«እንዲያ ያለች አይቼ አላውቅም፣ እትዬ» አለ መምህሩ፤ ይሉኝታ ይዞት ግን ተንበርክኮ ወለሉን ፈለገ። ጠረጴዛው እንዳይወዛወዝ ከእግሩ ሥር የተሸጎጠች ቁራጭ አገኘ። መዝዞ ጭቃዋን በአውራ ጣቱ ጠረገ። መጀመሪያ ቢጫው፣ ቀጥሎ ቀዩ ወጣ።

እትዬ ሀጀራ ያዘመመውን ጠረጴዛ በጉልበታቸው ደግፈው «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ግጠማት እንጂ» አሉ።

እሱ ግን እንደተንበረከከ እንጨቷን በሁለት እጁ አቀረበላቸው።