እስከ እሑድ

«መርዶ ለብቻ አይነገርም አልኩሽ! የሚይዛት ሰው ሳይኖር? አብደሻል?» ዘውዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚጮኸው።

«እኔና አንተ አለን አይደል፣ ዳድ? እኛ እንይዛታለን።»

«ሁለት ሰው ለቅሶ አይሆንም።» ወደ ፎቁ ቀና ብሎ አዳመጠ። የሻወሩ ውኃ ገና ይወርዳል፤ ሚስቱ ጽጌ ዌርሃውስ የሌሊት ሥራ አድራ መግባቷ ነው። «አክስትሽ የአባቷን ሞት በስልክ፣ ለብቻዋ ሰምታ ወድቃ አይደል ጥርሷን ያረገፈችው? የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሼ መንግሥቱ እሑድ ማለዳ ቄሱን ይዘው ይመጣሉ። ሦስት ቀን ነው የቀረው፣ ሳሌም።»

«ሦስት ቀን አልፏል እኮ! እዚህ ኮሎምበስ ከተማ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሰምቷል፤ ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት። ትናንት ለሞተ ሰው ቮይስ ስትልክ ሰማኋት። ‹ገብሬ፣ ትኩስ ነገር ጠጣ› ትለዋለች። ይኼን ያስደረግከኝ ደግሞ አንተ ነህ!»

እውነቷን ነው። የእናቷ ወንድም ገብረየስ አዲስ አበባ በኮሮና ማረፉ የተሰማ ዕለት፣ አባቷ የእናቷን ስልክ አምጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠና የዘመድ ስም እየጠራ ብሎክ አስደረጋት። አንዱ ሞኝ ቀድሞ ደውሎ «እግዜር ያጥናሽ» እንዳይላት። አሥራ አራት ሰው። ሳሌም በአምስት ደቂቃ ጨረሰችው። ከልጅነቷ ጀምሮ የቤቱን ስልክ፣ የሐኪም ቀጠሮውን፣ በእንግሊዝኛ የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ የምታየው እሷ ነበረች፤ አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

ውኃው ቆመ።

ጽጌ ሻሿን እያሰረች ወረደች፤ ብብቷ ሥር ትንሽ ካርቶን ሸጉጣለች። «እትዬ ውባለም ነገ ወደ አዲስ አበባ ይበራሉ። አሁን ሬይኖልድስበርግ ቤታቸው ካላደረስኩላቸው ሻንጣቸውን ይዘጋሉ።» ካርቶኑ ውስጥ ቫይታሚን፣ ወፍራም ካልሲና ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ አለ፤ ሁሉም ለወንድሟ ነው። «ሳሌምዬ፣ ይቺን ስልክ እስቲ እዪልኝ። ገብሬ አላነሳ አለኝ። ሌላውም ዘመድ መደወል ትቷል።»

«ኔትወርክ ነው» አለ ዘውዱ ቶሎ ብሎ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? እኔ ባለሙያዋን ነው የጠየቅኩት» ብላ ጽጌ ሳቀች።

ሳሌም ስልኩን ተቀበለች። አባቷ በዓይኑ ለመናት። እሷ አጎነበሰችና ስሞቹን አንድ በአንድ ከብሎክ ለቀቀቻቸው፤ አሥራ አራቱንም። አሁን አንዱ ይደውላል፤ እዚሁ ወጥ ቤት ውስጥ፣ እኛ ፊት ትሰማለች፤ እንይዛታለን ብላ ነበር ያሰበችው።

«ተሠራ?»

«ተሠራ።»

«ጎበዝ! ነይማ ይኼም መሥራቱን እንየው።» መለኪያውን አውጥታ የልጇ ጣት ላይ ሰካችው። ቀይ ቁጥር በራ። «ኦክስጅንሽስ ደህና ነው። ልብሽ ግን መቶ ሠላሳ! ምን ሆነሽ ነው?»

«ኤነርጂ ድሪንክ ጠጥቼ።»

«ያንን መርዝ ተዪ አላልኩሽም?» ጽጌ መለኪያውን ነቅላ በካልሲው ጠቀለለችው። ማስኳን ከመስቀያው፣ ስልኳን ከሳሌም እጅ ወሰደች። ሳሌም ስልኩን ተከትላ አንድ እርምጃ ሄደች። በሩ ተዘጋ።

ዘውዱ እስከዚያ ይዞት የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀ። «ጎበዝ ልጄ» አለ በሹክሹክታ፣ ትከሻዋን ጨበጥ አድርጎ። «አስቸግሬሻለሁ፤ አውቃለሁ። እስከ እሑድ ብቻ ነው።» ከዚያ የትልቁን ብረት ድስት ክዳን ፍለጋ የወጥ ቤቱ ቁምሳጥን ውስጥ ጭንቅላቱን አስገባ። እሑድ ብዙ ሰው ይመጣል።

ሳሌም መስኮቱ ጋ ቆማለች። የእናቷ መኪና ከግቢው ወደ ኋላ ወጣች። ሃይዌይ ወደሚያስገባው መንገድ ለመታጠፍ ፍሬቻዋን ስታበራ፣ ከመሪው አጠገብ የተሰካው ስልክ በራ። እናቷ አንድ እጇን ከመሪው አንሥታ ወደ ብርሃኑ ስትዘረጋ ታየቻት።