ሦስት ጠርሙስ

ቆሻሻውን ያወጣ ሰው እቤቱ ያኑረው የሚል ሕግ ከወጣ ወዲህ እኛ የላቦራቶሪ ሠራተኞች ከምርመራ የሚተርፈውን መርዛማ ፍሳሽ በጠርሙስ አሽገን ሳሎናችን ውስጥ፣ እንግዳ ፊት እንደረድራለን። እኔ ቤት ያለው ሦስት ጠርሙስ ብቻ ነው።

ጎረቤቴ እትዬ ዘርፌ ገብተው መደርደሪያውን ሲያዩ፣ "ተባረኪ ልጄ! የባልደረባሽ ቤት እኮ በጠርሙስ ተሞልቶ መቀመጫ እንኳ የለውም" አሉኝ።

አንገቴን ደፋሁ። ባለፈው ወር አራተኛ ጠርሙስ እንዳይጨመርብኝ ብዬ የሰፈራችንን የጉድጓድ ውሃ ሳልመረምር፣ የአምናውን ውጤት ገልብጬ "ለመጠጥ ይሆናል" ብዬ ፈርሜያለሁ።

"ቁጭ ይበሉ እንጂ" አልኳቸው።

"አልቆይም። የልጅ ልጄን ካመማት ሦስት ቀኗ ነው፤ የጠጣችውን ሁሉ ያስመልሳታል። እናቷ ውሃውን ጠርጥራ አላጠጣትም ብላ ነበር። እኔ ነኝ 'ሶልያና የፈረመችበትን ውሃ? ስጫት!' ያልኳት።"