ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ የወጣ መልስ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ቀጮን ታውቂያት የለ? ስምንተኛ ክፍል ሳሉ ከጓደኛዋ ከሳቂታ ጋር በማይረባ ነገር ተኳርፋ፣ ሳቂታ የላከችላትን ኢሜይል ሁሉ ሳትከፍት አጠፋችው። ሳቂታ ለካ ሆስፒታል ተኝታ ነበር የምትጽፍላት። ከዚያም አልወጣችም፣ እዚያው ሞተች።

ቀጮ ይሄ ነገር ሲበላት ኖሮ፣ አንዷን እንኳን ላንብብላት ብላ የድሮ ኮምፒውተራቸውን ሃርድ ዲስክ ይዛ ጥገና ቤት ሄደች። መንገድ ላይ በስልኳ ለሳቂታ የድሮ ኢሜይል አድራሻ «ይቅር በይኝ፣ ልጅ ነበርኩ» ብላ ጻፈች። ወዲያው ደግሞ ለሞተ ሰው ምን ይባላል ብላ አፈረችና ሳትልከው አጠፋችው።

ጠጋኙ ሲጎረጉር ቆየና፣ «አንቺ ልጅ፣ ሙልጭ አድርገሽ ነው ያጠፋሽው። አንዲት ብቻ ናት የወጣችልኝ» አላት።

«እሷም ትበቃኛለች፣ ጋሼ።»

«ቀኑ ግን የዛሬ ነው የሚለው። ይሄ ዲስክ ስንት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ከርሟል አላልሽኝም?»

ቀጮ ጎንበስ ብላ አየች። ከታች ያ ያልላከችው ይቅርታ ቁጭ ብሏል። ከላዩ ሳቂታ መልሳለች፣ ቃል በቃል ልንገርሽ፦

«ደርሶኛል። እኔም ልጅ ነበርኩ።»