የልጅን ማቅለሽለሽ መቀበል

በዚያ ዘመን አኩፓንክቸር የሚባለው የቻይናውያን ሕክምና መርፌ የነፍሰ ጡርን ማቅለሽለሽ አያጠፋም ነበር፤ ፈቅዶ ለሚቀበል ሰው ያስተላልፍ ነበር እንጂ።

ነፍሰ ጡሯ ስምረት ምግብ አልረጋላት ብሎ ስትከሳ፣ ባሏ የእጁን አንጓ ለመርፌው ሊሰጥ ተነሣ። እናቷ ወይዘሮ ዘውድነሽ ግን፣ "ዞር በል! የልጄን እኔ እችልላታለሁ" ብለው ቀደሙት።

በማግስቱ ስምረት ምስር ወጡን ጠርጋ በላች። የሠራው ባሏ ነው። በሰፈሩ ሠርግ ሁሉ ወጥ የሠሩት፣ ማማሰያቸውን ለማንም ሰጥተው የማያውቁት ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ገና ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሽታው አላስቆም ብሏቸው ደጅ ወጥተዋል።

ጎረቤታቸው አጥር ጥግ ሲያስመልሳቸው አገኘቻቸው።

"ምነው እትዬ ዘውዴ፣ አመመዎት እንዴ?"

የስልሳ አራት ዓመቷ ሴትዮ አፋቸውን በነጠላቸው ጠርገው ቀና አሉ።

"ምን ያመኛል? አርግዤ ነው!"